ብስክሌትና መርከብ፤ በዳልማሺያ ደሴቶች መካከል የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዓመቱን ሙሉ ከጠረጴዛና ከመዝገብ ጋር ሲታገል የከረመ ባለሙያ የዕረፍቱ ጊዜ ሲደርስ ሁለት ሐሳቦች ይፈታተኑታል። አንዱ ሐሳብ «ዐርፈህ ተቀመጥ» ሲለው፣ ሌላው ደግሞ «ተነሥተህ እግርህን አፍታታ» ይለዋል። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው በአንድ የባሕር ዳር ሆቴል ጥላ ሥር ሰንብቶ አገሩን ሳያይ ይመለሳል። ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ ሻንጣውን ተሸክሞ ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ይቆይና በሥራው ከደከመው ይልቅ በዕረፍቱ ደክሞ ይገባል። በሜዲትራኒያን ባሕር ደሴቶች መካከል ብስክሌትንና መርከብን በማጣመር የሚደረገው ጉዞ እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ለማስታረቅ የተገኘ ዘዴ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ በማን ድካም ላይ እንደቆመና ከተጓዡ ምን እንደሚጠይቅ በአንድ አካባቢ ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የአድሪያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ይኸውም ዛሬ በክሮኤሽያ ግዛት ውስጥ የሚገኘው የዳልማሺያ ጠረፍ ነው። አድሪያቲክ ጣሊያንን ከባልካን አገሮች የሚለይ የሜዲትራኒያን ክንድ ነው። ክሮኤሽያ ትንንሾቹና ዐለቶቹ ሳይቀሩ ሲቆጠሩ ከ1,000 የሚበልጡ ደሴቶች አሏት፤ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ግን 50 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከስፕሊት ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ለሚቀዝፍ ሰው ብራች፣ ሕቫር፣ ቪስ፣ ኮርቹላና ምልየት የተባሉት ደሴቶች እርስ በርሳቸው ሳይራራቁ ይጠብቁታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ጊዜ የጥቂት ሰዓት የባሕር መንገድ ይበቃል።

የጉዞው አሠራር ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 መንገደኞች የምትይዝ አነስተኛ መርከብ ለአንድ ሳምንት የመንገደኞቹ ቤት ትሆናለች። መኝታቸውና ሻንጣቸው በውስጧ፣ ብስክሌቶቻቸው ደግሞ በላይኛው ወለሏ ላይ ታስረው ይጓዛሉ። ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ መርከቧ ከአንድ ወደብ ትጠጋለች፤ ብስክሌቶቹ ይወርዳሉ፤ ብስክሌተኞቹም ከመሪያቸው ጋር ደሴቱን አቋርጠው 25፣ 40 አንዳንዴም 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በዚህ መካከል መርከቧ ደሴቱን በባሕር ዞራ በማዶው ወደብ ትጠብቃቸዋለች። በአጭሩ፣ መርከቧ ደሴትን ከደሴት፣ ብስክሌቱ ደግሞ ወደብን ከወደብ ያገናኛል ማለት ነው።

ሁለቱ መጓጓዣዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ። በመርከብ ብቻ የሚጓዝ ሰው የደሴቱን ጠርዝ እንጂ ውስጡን አያይም፤ የሚያውቀው ወደቡን፣ ወደቡ ላይ የተደረደሩትን ቡና ቤቶችና እንደ እርሱ የመጡትን እንግዶች ነው። ብስክሌት ብቻ ይዞ የመጣው ደግሞ ጓዙን በዳገት መጎተት፣ ማታ ማታ መኝታ መፈለግና የመሻገሪያ መርከቦችን ሰዓት ማሳደድ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ብስክሌተኛው ከውሃና ከአንድ ሸሚዝ በቀር የሚሸከመው ሳይኖር ከባሕር ወደ ተራራ ወጥቶ እንደገና ወደ ባሕር ይወርዳል።

ይህ ማለት ግን ጉዞው የሰነፍ ጉዞ ነው ማለት አይደለም። በብራች ደሴት የሚገኘው የቪዶቫ ጎራ ተራራ 780 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ከአድሪያቲክ ደሴቶች ተራሮች ሁሉ የበላይ ነው። በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ሊያስፈግገው ይችላል፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ሲሶ ቢሆን ነውና። ነገር ግን ብስክሌተኛው መውጣት የሚጀምረው ከባሕር ወለል፣ ከዜሮ ነው፤ እያንዳንዷን ሜትር የሚከፍለው በጉልበቱ ነው። ከላይ ደርሶ የቦልን ከተማና ወደ ባሕሩ እንደ ምላስ የወጣውን የዝላትኒ ራት ጠጠራማ ዳርቻ ቁልቁል ሲመለከት፣ ደሴት ማለት ከባሕር ብቅ ያለ ተራራ መሆኑን ከካርታ ይልቅ ከእግሩ ይማራል።

ሁለተኛው አስተማሪ ነፋስ ነው። የዳልማሺያ ባሕርተኛ ነፋሶቹን በየስማቸው ያውቃቸዋል። ማዬስትራል የሚባለው በበጋ ረፋዱ ላይ ተነሥቶ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስና ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበርድ ወዳጅ ነፋስ ነው። ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ ሙቀትና ዝናብ ይዞ ይመጣል፤ ማዕበሉንም ቀን በቀን እያሳደገ ይሄዳል። ቡራ ደግሞ ከየብሱ ተራሮች ላይ ድንገት የሚወርድ፣ ቀዝቃዛና አደገኛ ነፋስ ነው። በወረቀት የተጻፈው የጉዞ ፕሮግራም በእነዚህ ሦስቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ካፒቴኑ «ዛሬ አንነሣም» ካለ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለው መንገደኛ ቢቆጣም ቃሉ የካፒቴኑ ነው። ነፋሱን የሚያውቅ ግን ይጠቀምበታል። በኮርቹላ ደሴት በምዕራብ ጫፍ ካለችው ከቬላ ሉካ ተነሥቶ በምሥራቅ ወዳለችው ወደ ኮርቹላ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ብስክሌተኛ ከቀትር በኋላ ማዬስትራልን ከጀርባው ያገኘዋል፤ በተቃራኒው የሚሄድ ግን በደረቱ ይገፋዋል። የከተማዪቱ ጥንታውያን ሠሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። የምዕራቡን መንገዶች ማዬስትራል ገብቶ እንዲያቀዘቅዛቸው ቀጥ አድርገው ሲሠሩ፣ የምሥራቁን ደግሞ ቡራ እንዳይገባባቸው ጎበጥ አድርገው ሠርተዋቸዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ብስክሌተኛው የሚነዳባቸው ጠባብ መንገዶች፣ የሚተኛባትም መርከብ ለማን ተሠርተው ነበር? መልሱ ለእንግዳ አልነበረም የሚል ነው። የደሴቶቹ መሬት ውሃ የማይዝ የኖራ ድንጋይ ነው። ገበሬዎች ድንጋዩን እየለቀሙ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ካብ ካቡት፤ በካቦቹ መካከል በተገኘችው እፍኝ አፈር ላይም ወይንና ወይራ ተከሉ። በሕቫር ደሴት በስታሪ ግራድ ሜዳ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ከፓሮስ ደሴት የመጡ ግሪኮች የለኩት የእርሻ ክፍፍል እስከ ዛሬ በካቦቹ መሥመር ይታወቃል። ዩኔስኮም ሜዳውን እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ወይኑን፣ ዘይቱንና የብራችን ድንጋይ ወደ ገበያ ያመላልሱ የነበሩት ደግሞ በሸራ የሚሄዱ የእንጨት መርከቦች ነበሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ፊሎክሴራ የተባለች የወይን ሥር የምታጠፋ ትንሽ ተባይ በዳልማሺያ ተዛመተች። የወይኑ ገበያም በዚያው ዘመን ወድቆ ነበር። እርሻው ሲሞት ሰዉ ተሰደደ። ከብራች ብዙዎች ወደ ቺሊ፣ ከሌሎቹም ደሴቶች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ ሄዱ። ከዚያም የጭነት መኪናና ዘመናዊ የመሻገሪያ መርከብ ሲመጣ የእንጨት መርከቦቹ ሥራ ፈቱ። አንዳንዶቹ ባለቤቶች የወይን በርሜል ይቀመጥበት የነበረውን የመርከብ ሆድ በክፍል በክፍል ከፍለው መንገደኛ ማሳፈር ጀመሩ። ዛሬ ከሚታዩት ብዙዎቹ በብረት የተሠሩ አዳዲስ መርከቦች ቢሆኑም የሥራው ዘር የተዘራው በዚያ ችግር ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንዱ ዕረፍት በሌላው ስደት ሥፍራ ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የተረዳ መንገደኛ አካሄዱ ይለወጣል። ከስታሪ ግራድ በብሩስዬ መንደር አልፎ ወደ ሕቫር ከተማ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ሲወጣ፣ መኪናው ሁሉ በአዲሱ የዋሻ መንገድ ስለሚያልፍ ጸጥታው ያስደንቀዋል። በግራና በቀኝ የሚያያቸው የድንጋይ ክምሮች ግን ተፈጥሮ የጣለቻቸው ሳይሆኑ የሰው እጅ ያነሣቸው መሆናቸውን ያስተውላል። ወደ ቪስ ሲሻገርም ደሴቱ ያልተጨናነቀው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ቪስ በዩጎዝላቪያ ዘመን የጦር ሠራዊት ይዞታ ሆኖ እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስ ለውጭ አገር ጎብኚ የተዘጋ ነበር።

በእንዲህ ያለ መንፈስ ለመጓዝ አርአያ የሚሆን ሰው ከዚያው ከሕቫር ተገኝቷል። የስታሪ ግራድ ባለርስትና ባለቅኔ የነበረው ፔታር ሄክቶሮቪች ከሁለት ዓሣ አጥማጆች ጋር በጀልባ ወደ ብራችና ወደ ሾልታ ደሴቶች ሦስት ቀን የፈጀ ጉዞ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ጉዞ የጻፈው ግጥም እ.ኤ.አ. በ1568 በቬኒስ ታትሟል። መኳንንቱ የድሀን ቃል በማይሰሙበት ዘመን እርሱ የአጥማጆቹን እንቆቅልሽና ዘፈን አድምጦ ስማቸውንም ጭምር መዝግቧል። ጉዞውን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው የተጓዘው ርቀት ሳይሆን የሰማው ነገር ነው።

እንግዳ ለደሴቱ በረከትም መከራም ሊሆን ይችላል። በምልየት ደሴት የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ደሴቱ መርዛም እባብ ስለበዛበት እ.ኤ.አ. በ1910 እባብ አዳኝ የሆነው ፋሮ የተባለው እንስሳ ከሩቅ አገር መጥቶ ተለቀቀበት። እባቡ ቀነሰ፤ ነገር ግን መድኃኒት ተብሎ የመጣው እንስሳ ወደ ወፎችና ወደ ዶሮዎች ዞረ። ቱሪዝምም ለባዶ መንደሮች መድኃኒት ተብሎ የመጣ ነው። የብራችና የሕቫር የመጠጥ ውሃ ከየብስ ከጼቲና ወንዝ ተጠልፎ በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሸክሙ ይከብዳል። መርከቧም ብትሆን ናፍጣ ታቃጥላለች፤ መልህቋ በግድየለሽነት ከተጣለ የባሕሩን ወለል ሣር ይነቅላል። መንገደኛው ብስክሌት ስለነዳ ብቻ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ጉዞው ከተጓዡ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር አለ። በመጀመሪያ ወቅቱን መምረጥ ይገባዋል፤ ግንቦትና መስከረም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሙቀቱም ሕዝቡም ልከኛ የሆኑባቸው ወራት ናቸው። ሁለተኛ፣ ከመነሣቱ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ዳገት መለማመድ አለበት። ዳገት የማይችል ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ጉልበቱ የማይመጣጠን ሰው በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ቢወስድ የሚያሳፍር አይደለም። የባትሪው ኃይል መሙያ ሥፍራ ግን የመርከቧ ሠራተኞች የሚያዩት መሆን አለበት፤ በባሕር ላይ የተነሣ የባትሪ እሳት በቀላሉ አይጠፋምና። ሦስተኛ፣ የባሕር ጨው ካቴናና ማርሽ ይበላል፤ ማታ ማታ በጥቂት ንጹሕ ውሃ አብሶ ዘይት መቀባት፣ ጠዋትም ከቁልቁለቱ በፊት ፍሬኑን መፈተሽ ይገባል። አራተኛ፣ ክሮኤሽያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሸንገን ስምምነት አባልና የዩሮ ተጠቃሚ ስለሆነች፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተጓዥ ቪዛውንና ገንዘቡን በዚሁ መሠረት ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አምስተኛውና ዋናው ግን በደሴቱ ላይ አንድ ነገር ትቶ መሄድ ነው። መርከቧ ሁሉንም ነገር ስለምታቀርብ መንገደኛው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ደሴቱን አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቢፋጠንም ባይፋጠንም ለመንደሩ አቧራ ብቻ ነው ያተረፈለት። ከብስክሌቱ ወርዶ በኮኖባ፣ ማለትም ቀድሞ የወይን ጓዳ በነበረው የመንደር ምግብ ቤት ምሳውን የሚበላ፣ ዘይቱን ከሠራው ሰው እጅ የሚገዛ፣ ያረፈበትን ካብ ድንጋይ ሳያናጋ የሚነሣ ሰው ግን ከስደት የተረፈው ገበሬ ልጁን በደሴቱ ላይ እንዲያኖር ትንሽ ምክንያት ይሰጠዋል።

ዕረፍት ከሥራ መሸሽ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው ሥራ ቆም ብሎ ማየትም ነው። ብስክሌትና መርከብ በዳልማሺያ ሲጣመሩ ለባለሙያው የሚሰጡት ይህን ዕድል ነው። አንዱ እንዳይቸኩል ያደርገዋል፤ ሌላዋ ሸክሙን ታቀልለታለች። ሸክሙ ቀሎለት፣ ሳይቸኩል የተጓዘ ሰው ካቡን ሳያይ ቢመለስ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል።