ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡራቶር አጠራረግ
በጅጅጋ ከተማ ለነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር



ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ እናገራለሁ። ትንሽ ያልሁት በመጠኑ ነው እንጂ በሚያመጣው ጣጣ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከግንብ ጥግ ተደግፈው፥ ጎማቸው ተንፍሶ፥ ኮርቻቸው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ የቆሙትን ሞተር ብስክሌቶች ሁላችንም በየቀኑ እናልፋቸዋለን። «ሞተሩ አልቋል» ይባላል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ከዚያም በሐራጅ እንዲሸጡ ይጻፋል። እኔ በሐርጌሳ ከተማ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ የተፈረደባቸውን ብዙዎች ፈትቼ አይቻለሁ። ሞተራቸው በእርግጥ ያለቀው ጥቂቶቹ ነበሩ። የቀሩት የቆሙት ግን በካርቡራቶራቸው ውስጥ ያለች፥ ስፋቷ ከአንድ ሚሊሜትር አጋማሽ የማይደርስ ቀዳዳ ተደፍና ነው።

ሐርጌሳን ያነሣሁት ስለ ሠራሁባት ብቻ አይደለም። አቀማመጧ ከከተማችን ጋራ ይመሳሰላል። እርሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ እኛ ደግሞ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የጂላል ወራት ሲገባ በዚያም በዚህም ያው አቧራ ይነሣል። ከዚህም ሌላ የሐርጌሳ ሰው ዕቃን ቶሎ አይጥልም። ከተማይቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ቤቷ ፈርሶ ነበርና፥ የተመለሰው ሕዝብ ከፍርስራሹ ቈርቈሮና ብረት እየለቀመ ነው ያቆማት። ከከተማው መካከል በሐውልት ላይ የተሰቀለውን ሚግ አውሮፕላን ያየ ሰው ነገሩን ያስታውሰዋል። እንዲህ ባለ አገር ሞተር ብስክሌት «አልቋል» ለማለት በቂ ምክንያት ይጠየቃል።

ካርቡራቶር ምንድን ነው ቢሉ፥ ቤንዚንን ከአየር ጋራ በልክ የሚያዋሕድ ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ በጠባቡም ስፍራ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ከታች ካለው ጽዋ ቤንዚኑ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይረጫል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባኽ ቤንዚን የሚረጨውን ካርቡራቶር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ከሠራ ወዲህ መልኩ ብዙ ቢለወጥም መሠረቱ ያው ነው። በጽዋው ውስጥ፥ በቤታችን የውሃ ታንከር እንዳለው ኳስ፥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ በልኩ ሲሞላ ከፍ ይልና መርፌ በሚመስል መዝጊያ መንገዱን ይዘጋል። ከጽዋውም ቤንዚን የሚወጣው መካኒኮች ጄት በሚሏቸው፥ መካከላቸው በተበሳ ሁለት የናስ ብሎኖች ነው። ትንሿ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ትመግበዋለች፤ ትልቋም በሙሉ ጕልበት ሲሮጥ።

ልኩ የቀለለ ነገር አይደለም። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በሐርጌሳ ከፍታ ያለው አየር ደግሞ በበርበራ ወደብ ካለው 12 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር ወደ ደጋው ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። በእኛ ዘንድ ከዚያም ጥቂት ይብሳል። ይህን ያስታወስሁበት ምክንያት ወደፊት ይታያል።

አሁን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ከአንድ የጤና ጣቢያ አንድ አሮጌ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት መጣልን። ቾኩ ሲሳብ ይነሣል፥ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል፤ ይህም የትንሿ ጄት መደፈን ምልክት ነው። ካርቡራቶሩን ፈታሁ፤ ጄቷንም ወደ ሰማይ አንሥቼ ባያት ብርሃን አያሳልፍም። ባለ ጉዳዩ ከበር ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔም ወጣት ነበርሁና ቸኰልሁ። ከፍሬን ገመድ አንድ የብረት ክር ፈትቼ ወጋኋት። ብርሃን ታየ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ተመሰገንሁ።

በሦስተኛው ቀን የጤና ሠራተኛው የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ ወደ አረብሲዮ መንገድ ወጣ። በአሸዋው ላይ በዝግታ ሲሄድ ሞተሩ ጥቁር ጢስ አወጣ፤ ጥቂት ቈይቶም ካንዴላው በጥላሸት ተሸፍኖ ጠፋ። ትርፍ ካንዴላ አልያዘም ነበር። አንድ የጭነት መኪና እስኪያነሣው ድረስ ቀኑ ተጋመሰ፤ በሣጥኑ ያለው በረዶ ቀለጠ፤ ክትባቱም ተጣለ። ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁ የዋሉት እናቶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ እኔ «አዴር» እላቸዋለሁ፥ እርሳቸውም መልሰው «አዴር» ይሉኛል። አልተቈጡም። ጄቷን ፈትተው ከማጉያ መነጽር ጋራ ሰጡኝና «አዴር፥ ከንፈሯን ተመልከት» አሉኝ። ክቡ ቀዳዳ ተቧጥጦ እንደ ዕንቍላል ሞላላ ሆኗል። ናስ ለስላሳ ነው፤ የብረት ክር ይበላዋል። ነገሩን በቍጥር ብናየው፥ 0.40 ሚሊሜትር የነበረች ቀዳዳ ወደ 0.44 ብትሰፋ ዐይን አይለየውም፤ የመግቢያዋ ስፋት ግን በ21 በመቶ ይጨምራል። አስቀድሞ አየሩ ሳስቶ ቤንዚን ለበዛበት ሞተር ይህ ሌላ ሸክም ነው። ሽማግሌው አዲስ ጄት ከራሳቸው ገንዘብ ገዙና ገጠሙ፤ ከደመወዜም አልቈረጡም፤ ይህ የበለጠ አሳፈረኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሞተር ብስክሌት በያው ሕመም ተመለሰ። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ወደ ካርቡራቶሩ ስቀርብ ሽማግሌው እጄን ያዙና የቤንዚኑን ቋት አስከፈቱኝ። የቋቱን ቤንዚን በነጭ ሳሕን ብንቀዳው ከሥሩ ቀይ የዝገት ጭቃ፥ ከጭቃውም በላይ የውሃ ጠብታዎች ተገኙ። ያን ጊዜ ካርቡራቶሩ መስካሪ እንጂ ወንጀለኛ አለመሆኑ ገባኝ። ቋቱ በከፊል ባዶ ሆኖ ሲቆም በውስጡ ያለው አየር በሌሊት ቅዝቃዜ ጤዛ ይፈጥራል፤ ጤዛው ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛውም ቤንዚን የራሱን አቧራ ይዞ ይገባል።

ሦስተኛም ጠላት አለ፤ እርሱ ራሱ ቤንዚኑ ነው። በጽዋው ውስጥ ለወራት የተኛ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ከአየር ጋራ ተዋሕዶ እንደ ማር ቡናማና ሙጫ ይሆናል። በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ለአንድ የሥራ ዘመን ተቆልፎ የቆመ ሞተር የሚደፈነው ከአቧራ ይልቅ በዚህ ሙጫ ነው።

እንግዲህ አጠራረጉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋል፤ ካርቡራቶሩ ሳይፈታ ውጪው በብሩሽና በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ አለዚያ የውጪው አፈር ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጽዋው ይፈታል፤ ተንሳፋፊውና መርፌው በጥንቃቄ ይወጣሉ፤ የጎማ ቀለበቶቹም ለብቻ ይቀመጣሉ፥ ምክንያቱም ቲነርና የካርቡራቶር ማጠቢያ ጎማን ያሳብጣሉ። የአየር ማስተካከያውን ብሎን ከመፍታት በፊት በቀስታ እስከ መጨረሻው እያጠበቁ ስንት ዙር እንደ ዞረ መቍጠርና መጻፍ ይገባል። ይህን ያልጻፈ ሰው በኋላ ግማሽ ቀን ሲያዞር ይውላል፤ እኔም ውያለሁ።

ጄቶቹ በማጠቢያው ውስጥ ተነክረው ሙጫው እስኪለቅ ይቈያሉ። ከነከሩት በኋላም ቢጸና ከጥርስ ብሩሽ አንድ የናይለን ጠጕር ነቅሎ ማሳለፍ ነው፤ ናይለን ናስን አይጐዳም። ከትልቋ ጄት በላይ ያለው ቱቦ በጐኑ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙ ሰው እርሱን ይረሳል። በመጨረሻ በየመንገዱ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በሚሰጠው አየር መንገዶቹ ሁሉ ይነፋሉ። ተንሳፋፊው ሳይወጣ መንፋት ግን ክልክል ነው፤ ይሰበራል። ዐይንንም መጋረድ ያስፈልጋል።

ቋቱን በሚመለከት፥ ጥቂት ነጭ ጋዝና አንድ እፍኝ ትንንሽ ብሎኖች ከቶ ማንቀጥቀጥ፥ ቆጥሮ የከተቱትንም ቆጥሮ ማውጣት ነው። ከዚያም ታጥቦ ይደርቅና በቋቱና በካርቡራቶሩ መካከል ማጣሪያ ይገባል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ጥቂት ሰዓት ይርጋ፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል። ሲቀዳም የመጨረሻው አንድ ጣት ያህል ይቅር።

ሁለት አደጋዎችን ሳልናገር አላልፍም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በምድር ላይ እየተሳበ ሄዶ ሩቅ ካለ እሳት ይደርሳል። ስለዚህ የሻይና የቡና ከሰል ምድጃ ካለበት ግቢ ካርቡራቶር አይፈታም። ሁለተኛ፥ ቤንዚንን በጐማ ቱቦ በአፍ የመሳብ ልማድ በከተማችን በጣም የተለመደ ነው። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ቢገባ ሰው ይገድላል። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ የእጅ ፓምፕ አለ።

ለክቡራን የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ሁለት ነገር አመለክታለሁ። አንደኛው፥ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ሞተር ብስክሌት መዝጊያው ተዘግቶ ሞተሩ በጽዋው ያለውን ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ እንዲሠራ፥ ወይም ከጽዋው ሥር ባለችው ብሎን እንዲፈስ፥ ቁልፍ ለሚረከበው ሰው በጽሑፍ ይታዘዝ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው፥ «አልቋል» የሚል ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት ካርቡራቶሩና ቋቱ ተፈትተው የታዩ መሆናቸውን የሚገልጽ የመካኒክ ፊርማ ይጨመርበት። አዲሶቹ ሞተር ብስክሌቶች አንዳንዶቹ ካርቡራቶር የላቸውም፥ ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ይረጫሉ፤ በየግቢው የቆሙት አሮጌዎቹ ግን ሁሉም ባለ ካርቡራቶር ናቸው።

አሁን ጥያቄ ያለው ከዚሁ ከአዳራሹ በር ይከተለኝ። ከግንቡ ጥግ የቆመውን ሰማያዊ ሞተር ብስክሌት ለመፍታት ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ነጭ ሳሕን አምጥቻለሁ፤ ቋቱን ከፍተን ከሥሩ ምን እንዳለ አብረን እናያለን። ሲጋራ የያዘ ግን ከበሩ ውጭ ይቈየን።