እንቅፋቱ የማን ነው?



ከግሽ ዓባይ ጀምሮ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው አገር በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ማሳው በድንገት ቢደርቅበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ከበላዩ ያለውን ጎረቤቱን ነው። ቀድሞ ጠብ ካላቸውማ ጥርጣሬው ወዲያው ክስ ይሆናል። የውኃ አባት ግን ክሱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ከደረቀው ማሳ ተነሥቶ ቦዩን ሽቅብ ይከተላል፤ ውኃው የቆመበትንም ስፍራ ያያል። የዘጋው ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው፣ ወይስ በዶማ ተቆርጦ የተደረደረ የሣር ጓል? ደለል ከሆነ ሁሉም ወጥቶ ይጠርጋል፤ ጓል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ የተወዳዳሪውን ምርት ሆን ብሎ ያሰናክላል የሚል ክስ በተነሣ ጊዜ መሐንዲስ የሚጠበቅበት ምርመራም ከዚህ እምብዛም አይለይም።

በዓለም ከታወቁት ጉዳዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ለሙከራ ባሠራጨው የዊንዶውስ 3.1 ቅጂ የታየው ነው። በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱን ችሎ የቆመ አልነበረም፤ ዶስ በሚባል መሠረት ላይ የሚሠራ ነበር። መሠረቱም የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስ-ዶስ ወይም የተወዳዳሪው ዲአር-ዶስ ሊሆን ይችል ነበር። የሙከራው ቅጂ ከሥሩ ያለው የራሱ ኩባንያ ሥራ አለመሆኑን ሲገነዘብ የስሕተት ማስታወቂያ ያወጣል። የሚያስገርመው ግን ስሕተቱ ሥራ የሚያስቆም አለመሆኑ ነው፤ ተጠቃሚው ማስታወቂያውን አልፎ መቀጠል ይችላል። ጂኦፍ ቻፕል የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ፕሮግራሙን ፈታትቶ ሲያይ መመርመሪያው ክፍል ተመሳጥሮ የተጻፈ፣ ለሚፈታው ሰውም እንዳይገለጥ የተበጀ ሆኖ አገኘው። አንድሩ ሹልማንም በተከታዩ ዓመት ጉዳዩን በዶክተር ዶብስ መጽሔት ላይ በሰፊው አብራራው። ለገበያ በቀረበው ቅጂ ውስጥ ማስታወቂያው እንዳይወጣ ተደርጓል፤ መመርመሪያው ግን ከውስጡ አልወጣም።

ፕሮግራም የቆመበትን መሠረት መመርመሩ አያስነቅፈውም። ሾፌር ከመነሣቱ በፊት የሞተሩን ዘይት ይለካ የለምን? የሚለካበትን ዘንግ መደበቅ ግን ምን ይባላል? በዚህ ጉዳይ ከስሕተቱ ይልቅ የሚመሰክረው መደበቁ ነው። የዲአር-ዶስ ባለቤት የሆነው ካልዴራ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ክሱም እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በስምምነት ተዘጋ። በክርክሩ ሂደት የኩባንያው ኃላፊዎች የተጻጻፏቸው መልእክቶች ለአደባባይ በቁ። ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ከፕሮግራሙ ይታወቃል፤ ለምን እንደተሠራ የሚታወቀው ግን ከእንዲህ ያለው ደብዳቤ ነው። ብዙ ጊዜ ከሳሾች ሁለቱን ያደባልቃሉ።

በሙከራ ረገድ ከዚህም የጠራ ምሳሌ አለ። የኮምፒዩተር አንጎለ ኮምፒዩተር ሲጠየቅ የሠሪውን ስም የሚናገርበት መለያ አለው። ቪያ የተባለው ኩባንያ ናኖ ብሎ የሰየመው አንጎለ ኮምፒዩተር ይህን ስም ለመለወጥ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መርማሪዎች ፒሲማርክ 2005 በተባለ መመዘኛ ሲፈትኑት ስሙን ብቻ ወደ ኢንቴል ቢለውጡት የማኅደረ ትውስታ ውጤቱ 47 በመቶ ያህል ጨመረ። ዕቃው ያው ነው፤ ፕሮግራሙም ያው ነው፤ የተለወጠው ስም ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ ማግኘት ያዳግታል። ሆኖም ሙከራው ልዩነቱ ከስም የመጣ መሆኑን እንጂ የመመዘኛውን ሠሪ ሐሳብ አያረጋግጥም። የኢንቴል ኮምፓይለርም ለሌሎች አንጎለ ኮምፒዩተሮች ዘገምተኛውን መንገድ እንደሚመርጥ ዴንማርካዊው አግነር ፎግ አሳይቷል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ ስምምነት ኩባንያው ይህን ልዩነት ለደንበኞቹ እንዲያስታውቅ አስገድዷል።

በአገር ቤት ይህን የመሰለ ጥርጣሬ ለረጅም ጊዜ ያስነሣው የግዕዝ ፊደል ጉዳይ ነው። በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ከፍኖተ ሰላም የተላከ ደብዳቤ ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ባለው የቡሬ መሥሪያ ቤት ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ጸሐፊዋ ፊደሉን ያበላሸው ተወዳዳሪው ኩባንያ ነው ብትል ማን ይፈርድባታል? እዚህም የስም ለውጥ ሙከራ ይሠራል። የጽሑፉ ፊደል ስም ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ ጽሑፉ አይስተካከልም፤ እንዲያውም ሌላ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ልዩነቱ ከስም ሳይሆን ከቁጥር ድልድሉ የመጣ ነው። በዘመኑ ለአንድ የፊደል ስብስብ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለነበረና የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዱ ሠሪ በመሰለው መንገድ ከፋፍሎ ደለደለ። የጋራ ድልድል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶችን በመደበ ጊዜ ነው። እንግዲህ ቦዩን የዘጋው ደለል እንጂ ጓል አይደለም ማለት ይቻላል። ደለሉ ሳይጠረግ ቢቆይ የሚጠቀም መኖሩ ግን አይካድም፤ የዐሥር ዓመት ሰነዱን በአንድ ሠሪ ፊደል ያከማቸ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ለመሄድ እግሩ ታስሯልና።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አለአግባብ መጠቀምን ከልክሏል። ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር፣ ከቴሌብርም ጎን ኤምፔሳ ሲቆም ጥያቄው ከፊደል ወደ ስልክና ወደ ገንዘብ ተሻገረ። ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው የተደወለ ጥሪ ቢቋረጥ ወንጀል ነው ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ መሥመሩ ተጨናንቆም ሊሆን ይችላል። ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ስልክ፣ በውስጥ መሥመርና በተሻጋሪ መሥመር ደጋግሞ መደወል፣ ቀኑንና ሰዓቱንም መመዝገብ ይገባል። ልዩነቱ በሌሊትም፣ መሥመሩ ጭር ሲል፣ ካልጠፋ የመጨናነቅ ምክንያት አያስኬድም።

የድሮ ፊደሎች ጉዳይም ገና አልተዘጋም። በየወረዳው መሥሪያ ቤት ባሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች ሊገኙ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩ ከመወገዱ በፊት ሰነዱ የተጻፈበት የፊደል ስምና የቁጥር ድልድሉ ሠንጠረዥ ከሰነዱ ጋር ቢቀመጥ ወደ ዩኒኮድ መመለሱ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ሠንጠረዡ ከጠፋ ግን እያንዳንዱን ፊደል እያመሳከሩ መፍታት ግድ ይሆናል።