ከመካከለኛው ሜዳ ወደ አሠልጣኝነት፤ የሉቺያኖ ቫሳሎ ጉዞ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ቦሌ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ እግር ኳስ መናገር ከርእስ መውጣት የሚመስለው ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ዛሬ የሚነሣው ሰው እንጀራውን በመካኒክነት የበላ፣ እጁ ከሞተር ዘይት ሳይለይ ስሙን በኳስ ያስጠራ ባለሙያ ስለሆነ ለዚህ ጉባኤ ባዕድ አይሆንም።

ሉቺያኖ ቫሳሎ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» እንዳይል ይከለክል ነበር፤ ሉቺያኖም በእናቱ እጅ አደገ። በስተርጅናው ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሥመራ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ።

የመካከል ተጫዋች ሥራ በተመልካች ዘንድ ብዙ አይታይም። አጥቂ ግቡን፣ ተከላካይ አጥቂውን ሲመለከት፣ በመካከል ያለው ሰው ግን ኳሷ ገና ሳትደርሰው ወዴት እንደምትሄድ ማሰብ አለበት። ለዚህ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገውን የሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ማስታወስ ይበቃል። ተጋጣሚያችን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ግርማ ተክለ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርገን፣ የሕዝቡ እልልታ ሳይበርድ፣ ያው ባዳዊ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን ጨመረ። ከሰዓት በላይ ተደክሞ የተገኘ ነገር በአንድ ደቂቃ ሲጠፋ ጉልበትም ልብም አብሮ ይከዳል። ሆኖም ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጨምረው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

በ1960 ዓ.ም. ዋንጫው እንደገና በአገራችን ሲደረግ ሉቺያኖ አሁንም ከቡድኑ ጋር ነበረ፤ ኢትዮጵያ ግን በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈች።

ከዚህ በኋላ ጣሊያን ሄዶ የአሠልጣኝነት ትምህርት ተከታተለ፤ ተመልሶም ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ጎበዝ ንድፍ አውጪ የሥራ ቦታ ኃላፊ ሲሆን የሚገጥመውን ችግር በዚህ አዳራሽ የማያውቀው የለም፤ በገዛ እጁ ቢሠራው በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሌላው እስኪሠራው ቆሞ መጠበቅ አለበት። መንግሥቱ ወርቁ ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግቦች ያስቆጠረው ይህ ታላቅ አጥቂ በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ያሠለጠነው ቡድን በሦስት ጨዋታ አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ይህን ከእውቀት ማነስ መቁጠር ስሕተት ነው። የራስ እግር የሚያውቀው ነገር ወደ ሌላው እግር በቃል ብቻ አይተላለፍም። የመካከል ተጫዋች በዚህ ረገድ ጥቂት ይቀናዋል፤ በጨዋታ ዘመኑም ቢሆን ሥራው ሌላውን ማጫወት ነበረና። ከዓለም ታላላቅ አሠልጣኞች እነ አንቸሎቲና ጓርዲዮላ በመካከል ሜዳ ያደጉ መሆናቸው ይህንኑ ያጠናክራል።

ሉቺያኖ ግን ይህን ችሎታውን በአገሩ እስከ መጨረሻው ሊፈትነው አልታደለም። በደርግ ዘመን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተሰድዶ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ተቀመጠ። እዚያም ወደ ጥንት ሙያው ወደ መካኒክነት ተመለሰ፤ ሕፃናትንም ኳስ አስተማረ። ዋንጫውን ያነሣ አምበል በባዕድ አገር የሰው መኪና ሲጠግን፣ እዚህ ስሙን የማያውቅ ትውልድ አደገ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም ስላልነበረን ጨዋታው የተደረገው በማላዊ በሊሎንግዌ ነው። በዚያው ዓመት ማግስት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሉቺያኖ በ87 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ ዐረፈ።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በቦሌ ክፍለ ከተማ ምድር በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም 62 ሺህ ሕዝብ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያስገባ ሕንፃ ብዙ በሮች ይኖሩታል፤ በሮቹም ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስም ሊሰጣቸው ይችላል። ማኅበሩ ከበሮቹ አንዱ በሉቺያኖ ቫሳሎ ስም እንዲጠራ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ቢያሳስብ፣ ወጪው ከአንድ ሰሌዳ ዋጋ አይበልጥም።