ትንፋሽን ስለ መያዝ ለተማሪዎች የተነገረ ቃል

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ከደጋው ወርዶ የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራል። በበጋ ወራት ውኃው ሲጐድል፥ በወለጋ ወንዞች አጠገብ የሚያድጉ ልጆች ለዋና ይወርዳሉ፤ በዚያም ከውኃ በታች ትንፋሹን ይዞ አብልጦ የሚቆይ ማን እንደ ሆነ ይፎካከራሉ። አንዳንዱም ከመጥለቁ አስቀድሞ ደጋግሞ በኃይል ይተነፍሳል። እንዲህ ያደረገ ልጅ በእውነትም ከባልንጀሮቹ ይልቅ ይቆያል፤ ነገር ግን የሚያሰጥመው ይኸው ብልሃቱ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ፥ ትንፋሽ በተያዘ ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚደረገውን መመልከት ያስፈልጋል። ሰው ወደ ውስጥ ከሚስበው አየር ከ100 እጅ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፤ የተቃጠለ አየር ግን እጅግ ጥቂት ነው። መልሶ በሚያስወጣው አየር ውስጥ የተቃጠለው አየር ወደ 4 እጅ ይደርሳል፤ ምድጃ እንጨት ሲያነድ ጢስ እንደሚያወጣ፥ ሰውነትም ምግብን ሲያነድ ይህን ያወጣልና። ትንፋሽ ሲያዝ ይህ ጢስ መውጫ አጥቶ በደም ውስጥ ይከማቻል። በማጅራት በኩል በአንጎል ግርጌ ያለው ክፍል ይህን ፈጥኖ ያውቅና ደረትንና ሆድን የሚለየውን ሥጋ እንዲስብ ያዝዘዋል። ደረት የሚጨነቀው፥ ሆድም ያለ ፈቃድ የሚርገበገበው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጭንቀቱ ከኦክሲጅን ማለቅ የመጣ ይመስለዋል፤ በተለይ የሚያስጨንቀው ግን የተቃጠለው አየር መብዛት ነው። ይህንንም የእስኮትላንዱ ሊቅ ጆን ሆልዴን ከባልደረባው ከፕሪስትሊ ጋር መርምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. አስረዳ።

ሰውነት ቍጠባንም ያውቃል። ተማሪ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ፥ ትንፋሹን ይዞ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ሳሕን ጥቂት ጊዜ ቢነክር፥ እጁን ይዞ የደም ሥሩን ምት የሚቈጥር ባልንጀራው ምቱ ሲዘገይ ያገኘዋል። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ለልብና ለአንጎል ይተርፋል። ጣፊያም ተኮማትሮ ያከማቸውን ቀይ ደም ይለቃል።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በጅቡቲ ባሕር ዳር ከሚገባው ከ5 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በደጋ የተያዘ ትንፋሽ ብዙ አይቆይም።

እንግዲህ ደጋግሞ በኃይል የተነፈሰው ልጅ ያደረገው ምንድን ነው? ደሙ አስቀድሞ በኦክሲጅን የተሞላ ስለ ነበረ የጨመረው ኦክሲጅን ጥቂት ነው፤ ጢሱን ግን ጠርጎ አውጥቶታል። ስለዚህ አስጠንቃቂው ትእዛዝ ይዘገያል፤ ትእዛዙ ሳይመጣ ኦክሲጅኑ ያልቅና ልጁ ሳይጨነቅ ራሱን ይስታል። በየብስ ቢሆን አያሠጋም ነበር። በልቅሶ ብዛት ትንፋሹ የጠፋ ሕፃን እናቱን ቢያስደነግጣትም፥ ራሱን በሳተ ጊዜ ፈቃዱ ይተኛና ትንፋሹ በራሱ ይመለሳል። በውኃ ውስጥም ትንፋሽ ይመለሳል፤ የሚገባው ግን ውኃ ነው። ከዳር ያሉት ባልንጀሮቹ ያሸነፈ መስሏቸው መቍጠራቸውን አይተዉም።

አንጎል ኦክሲጅን ካጣ ከ4 ደቂቃ ያህል በኋላ መበላሸት ይጀምራል። ከውኃ የወጣውን ልጅ፥ የጠጣውን ለማፍሰስ ብሎ ዘቅዝቆ መያዝ ጊዜ ማጥፋት ነው። በጀርባው አስተኝቶ፥ አገጩን ቀና አድርጎ፥ አፍንጫውን ይዞ፥ አፍን በአፉ ገጥሞ እስትንፋስ መስጠት ይቀድማል።