ስለ ወንዝ ዳር መሬትና ስለምንጠጣው ውሃ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ በአባቴ ማሳ ግርጌ ስለሚወርደው ትንሽ ጅረት ነው።

ልጅ ሳለሁ በማሳውና በውሃው መካከል አኻያ፥ ቀጋና ቄጠማ የበቀለበት ሰፊ ዳርቻ ነበረ። ከብት እንጠብቅበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመጠበቅ ይልቅ መጫወቱ ይበዛ ነበር። ኋላ ግን መሬት ለልጆች እየተከፈለ ሲጠብ፥ አባቴ ቁጥቋጦውን መንጥረው እስከ ውሃው አፍ ድረስ አረሱት። ይህንም ያደረጉት ለእኔ ድርሻ እንዲተርፈኝ ብለው ነው፤ ስለዚህ ሌላውን ልወቅስ አልችልም።

በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ አማረ። በሦስተኛው ክረምት ጎርፉ ዳርቻውን ገምሶ የታረሰውን ጭምር ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በሐምሌ ውሃው እንደ አተላ ይደፈርሳል። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን በጀሪካን የቀዱትን አሳድረው ሲጠልል ይጠጡታል። ጭቃው ቢዘቅጥም፥ ከእበቱ ጋር የወረደው ሆድ የሚያውክ ተሐዋስ ግን ካልተፈላ በቀር በውሃው ውስጥ ይቀራል።

ሣርና ቄጠማ የጎርፉን ሩጫ ያበርዳሉ፤ የተሸከመውንም አፈር በመካከላቸው ያስቀራሉ፤ ሥሮቻቸው ዳርቻውን አጥብቀው ይይዛሉ። የታረሰ መሬት ይህን አያደርግም። የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በዝናብ ማግሥት ከደብር ደን የሚወጣውንና ከእርሻ የሚወርደውን ውሃ ቀለም ያስተያይ።

ከእስቴ ውኆች አንዳንዱ ወደ ዓባይ ሲወርድ የእኛ ጅረት ከጉማራ ይቀላቀላል፤ ጉማራም ከጉና ተራራ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ አልፎ ከጣና ይገባል። አፈሩም ብቻውን አይሄድም። ከማዳበሪያው ውስጥ ፎስፎር የሚባለው ንጥረ ነገር ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ለጤፍ የታሰበው ምግብ ለውሃ አረም ይሆናል። በጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው። ጀልባው በአረም የሚያዝበት ዓሣ አጥማጅ የእኛን ማሳ አያውቀውም።

ባለፈው ጥቅምት፥ ከውሃው አፍ አሥር እርምጃ ያህል ለሣር እንተው ብዬ አባቴን ለመንኋቸው።

«አሥሩ እርምጃ እኮ ያንተው ድርሻ ነው» አሉኝ።

«እንግዲያስ ድርሻዬ ሣር ይሁን፤ አጭደን ለበሬዎቹ እንሰጣለን» አልኋቸው።

እስካሁን እሺም እምቢም አላሉኝም። ዛሬ ግን እዚሁ ከፊታችሁ ተቀምጠው ይሰሙኛልና፥ መልሱን ማታ ቤት ስንገባ እጠብቃለሁ።