በእጃችን ስለ ሠራናት ጊታር

(በማኅበራችን የንግግር ምሽት የተነበበ)



የማኅበራችን ጸሐፊ ለዛሬ ምሽት ስለ ምን እንደምንናገር ቢጠይቀን «ስለ ጊታር ነው» አልነው። «ልትጫወቱ ነው ወይስ ልትናገሩ?» አለን። በተቻለን መጠን ሁለቱንም እንሞክራለን። ጊታሪቱም ይህችውላችሁ፣ ከጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። የሠራናት አራት ሆነን ነው። የተሠራችበትም ቦታ ከመካከላችን በአንዱ ወላጆች ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለችና ቀድሞ የከሰል ማስቀመጫ የነበረች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቀረብ ብሎ ለሚመለከታት ሰው በፊቷ ላይ አንድ ጠባሳ ይታያል። ስለዚህ ጠባሳ ሳንናገር ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን፤ ጥፋቱ የራሳችን ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በገንዘብ እጦት ነው። ደኅና ጊታር መግዛት ከአቅማችን በላይ ሆነብን፤ «እንጨት እንደ ሆነ በአገራችን ሞልቷል» ተባባልንና ተነሣን። ይሁን እንጂ መቃኛዎቹን፣ ክሮቹንና በአንገቱ ላይ የሚተከሉትን ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች መግዛት ግድ ሆነብን። ኮላው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቨርኒሹም አለ። ሂሳቡን ስንደምረው ዝም ተባባልን። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ጊታር ለመሥራት ያሰበ ጓደኛ ቢኖር ይቅርበት እንለዋለን።

አንድ መምህራችን «ለምን ክራር አልሠራችሁም?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ክራር መሥራት ቀላል መስሎን ነው። ይህ አስተያየታችን ምን ያህል የድንቁርና እንደ ነበረ ኋላ ትሰማላችሁ።

ብዙ ሰው የጊታር ድምፅ ከክሩ የሚወጣ ይመስለዋል። ክር ግን ቀጭን ስለሆነ ብቻውን አየሩን ሊገፋ አይችልም፤ የክሩን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው የፊቱ ሳንቃ ነው። ይህን በግልጽ ለማሳየት የሞከረ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የሚባል የእስፓኝ ሰው ነበር። በ1817 እ.ኤ.አ. በአልሜሪያ አካባቢ የተወለደና በልጅነቱ አናጢነት የተማረ ሰው ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባዋና ጎኗ ከወፍራም ወረቀት የሆነ፣ ፊቷ ብቻ ደኅና እንጨት የሆነ ጊታር ሠራ። ይህች የወረቀት ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጣ ትገኛለች። በፊቱ ሳንቃ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ 7 ቀጫጭን ዘንጎች ማጣበቅን ወደ ፍጹምነት ያደረሰውም እሱ ነው፤ የዛሬ ሠሪዎችም አብዛኛዎቹ የእሱን ፈለግ ይከተላሉ። ስለ ሥራው ምስጢር ሲጠየቅ ምስጢሩ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ለማንም ሊያወርሰው እንደማይችል ተናግሯል ይባላል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ «የሽማግሌ ጨዋታ ነው» ብለን ገጹን ገለጥነው።

ለፊቱ ሳንቃ የመረጥነው ዝግባ ነው። ከፈረሰ ቤት የተገኘ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር በርካሽ ገዛን። ለጀርባውና ለጎኑ ዋንዛ፣ ጣት ለሚያርፍበት የአንገቱ ገጽ ደግሞ ወይራ አደረግን። ወይራውን ስንልግ የመላጊያውን ስለት ሦስት ጊዜ ማስሳል አስፈለገን። የፊቱ ሳንቃ ውፍረት 2 ከግማሽ ሚሊሜትር፣ የጎኑ 2 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህን በደብተር ላይ መጻፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ከዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባን አራት ወጣቶች፣ አንድ ሳንቃ ደልዳላ አድርጎ መላግ አቅቶን ሁለት ሳምንት ፈጀን። አንዱ ጫፍ ሲሳሳ ሌላው ይወፍራል፤ ያንን ስናስተካክል መካከሉ ይሰረጉዳል።

ያልተቸገርንበት ነገር የፍሬቶቹ ሂሳብ ብቻ ነው። ክሩ ከላይኛው ማረፊያ እስከ ታችኛው ማረፊያ 650 ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱ ፍሬት ድምፁን በግማሽ ቃና ከፍ ያደርጋል፤ 12 ግማሽ ቃና ሲሞላ የክሩ ርዝመት በትክክል እኩሌታ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ የቀረውን ርዝመት በየጊዜው በ17.817 እያካፈሉ መቀነስ ነው። የመጀመሪያው ፍሬት በ36.5 ሚሊሜትር ላይ፣ 12ኛው በ325 ላይ ይውላል። የጥንት ሠሪዎች በ17.817 ፈንታ በ18 ያካፍሉ ነበር፤ ይህንም የታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌ በ1581 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ጽፎታል። በ18 ያካፈለ ሰው 12ኛውን ፍሬት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ያስጠጋዋል። ይህን ስናሰላ ጥንታውያንን በትንሹ ናቅናቸው ብንል ውሸት አይሆንብንም። ነገር ግን ክር ሲጫኑት ስለሚለጠጥና ድምፁ ስለሚወጣ፣ እነዚያ ሰዎች የተዋቸው ሚሊሜትሮች ከሞላ ጎደል ያንን ያካክሱ ነበር። እኛ ደግሞ ለዚሁ ስንል ኋላ የታችኛውን ማረፊያ 2 ሚሊሜትር ወደ ታች ማውረድ ግድ ሆነብን።

የጎኑን ሳንቃ ለማጉበጥ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ፍም ጨምረን፣ ውሃ የጠገበውን ዋንዛ በላዩ እያሻሸን ቀስ በቀስ አጎበጥነው። ሦስት ሳንቃ ተሰበረ፤ አራተኛውና አምስተኛው እሺ አሉ።

በዚህ መካከል የሆነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከመካከላችን የአንዱ አባት አንድ ቀን ወደ ክፍሊቱ ብቅ ብለው ልጃቸውን በሰጋቱራ ተሸፍኖ ቢያገኙት፣ «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ አናጢ እንድትሆን ነው?» አሉት። በዚያ ምሽት በብርቱ ተከራከርን። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው፣ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን አነሣን፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ምን እየተባሉ እንደሚጠሩ ተናገርን። አባትየው በትዕግሥት ሰምተውን «ደግ ነው» ብለው ወጡ። እኛም ድል ያደረግን መሰለን።

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሞርሳ ለመዋስ በሰፈሩ ወዳሉ አንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ሄድን። ሳንቃችንንም ይዘን ነበር። ጋሼ ሳንቃውን ተቀበሉን፤ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት፤ ከዚያም ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ጥቂት ቆዩ።

«ይህን መቼ ልትገጥሙት ነው?» አሉን።

«በዚህ ሳምንት ነው ጋሼ።»

«ተዉት ልጆቼ። እንጨቱ ገና ይጠጣል። ኅዳር ይግባ።»

እኛም በአክብሮት ነገሩን አስረዳናቸው። እንጨቱ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር መሆኑን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይደርቅ እንዳልቀረ፣ በዚያም ላይ መስከረም ትምህርት ስለሚከፈት ጊዜ እንደሌለን ነገርናቸው። ሞርሳውን ሰጡን። ከበር ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ ጉንጩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አሳየን፤ ሁላችንም ሣቅን። ባለ እጅ ይከበር ብለን ስንከራከር ያመሸን ሰዎች ነበርን።

ገጠምናት። በጳጉሜን ክር ተወጠረባት፤ ስድስቱ ክሮች በአንድነት 40 ኪሎ በሚያህል ኀይል ይስባሉ፤ እሷም ቻለችው። ድምፅዋ ከጠበቅነው በላይ ነበር፤ አንዳንዶቻችሁም በጥቅምት በመኝታ ቤታችን ሰምታችኋታል፣ አመስግናችሁናልም። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ግን ሁላችን ተኝተን ሳለ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። መስኮት የተሰበረ መስሎን ተነሣን። መብራቱን ስናበራ ከክሩ ማረፊያ ጀምሮ እስከ ታች ጠርዝ ድረስ ፊቷ ተሰንጥቆ አገኘነው። ስንጥቁ የጣት ጥፍር የሚያስገባ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

የሆነው ይህ ነው። እንጨት ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መጠጣትና መልሶ መስጠት አይተውም። በክረምት አየሩ እርጥብ ሲሆን ያብጣል፤ በበጋ ይሰበሰባል። ይህም መሰብሰብ በእንጨቱ ቁመት በኩል ከቁጥር የማይገባ ሲሆን በወርዱ በኩል ግን ብርቱ ነው። የጊታሪቱ ፊት በሰፊው ቦታ 36 ሳንቲሜትር ነው፤ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቢሰበሰብ የሚያስደንቅ አይደለም። ከውስጥ በኩል ግን አግድም ያጣበቅናቸው ድጋፎች ቁመታቸው በሳንቃው ወርድ ላይ የተጋደመ ስለሆነ አይሰበሰቡም። ሳንቃው ልጠብ ይላል፣ ድጋፉ አላጠብህም ይላል፤ በመጨረሻ ሳንቃው ይቀደዳል። የፊዚክስ ተማሪ ከመካከላችን አለ፤ ከአደጋው በኋላ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ሂሳብ አሳየን። ከአደጋው በፊት ግን አልታየውም፤ ለማናችንም አልታየንም። አዛውንቱ በጉንጫቸው ያወቁት ይህንኑ ነበር፤ እርጥበት ያለው እንጨት ለጉንጭ ይቀዘቅዛል።

ክራርስ ቢሆን? የክራር ፊት ቆዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይረጥባል፣ ድምፁም ይሟሽሻል። ይህን የሚያውቅ ባለ ክራር መሣሪያውን ፀሐይ ያሳየዋል ወይም እሳት ዳር ያስጠጋዋል። ቀላል መሣሪያ ያልነው ነገር የአገሩን ወራት ሁሉ የሚያውቅ ኖሯል።

ጊታሪቱን ይዘን ወደ አናጢው ለመሄድ ዐሥር ቀን ፈጀብን፤ ዐሥሩም ቀን የእፍረት ነበር። በር ላይ ቆመን ንግግር አዘጋጅተን ነበር። ጋሼ ግን ንግግሩን አልጠበቁም፤ ጊታሪቱን ተቀብለው ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያም «እስቲ መጀመሪያ ድምፅዋን አሰሙኝ» አሉ። ተጫወትንላቸው። ጨርሰን ስናቆም «ትጮኻለች እኮ!» ብለው ሣቁ፤ ስለ ነሐሴው ነገር ዛሬም ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከዚያው ከቁም ሣጥኑ በር ትራፊ እንደ ቢላዋ ስለት የሳሳ ስንጣሪ ልገው በስንጥቁ ውስጥ ሰኩት፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ በድምፅ ቀዳዳው እጃቸውን አስገብተው አምስት ትናንሽ መጣፊያዎች አጣበቁ። ጣቶቻቸው የማያዩትን ቦታ እየዳበሱ ሲሠሩ ቆመን ተመለከትን። ያን ጊዜ ያ የአልሜሪያ ሰው ስለ ጣቶቹ ተናገረ የተባለው ትዝ አለን። አንደኛችን እንዴት እንደሚያደርጉት ቢጠይቃቸው «እጅህን ስጠኝ» ብለው የእሱን ጣት ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት።

ሁለተኛ ጊታር ጀምረናል። ሳንቃዎቹ በእሳቸው ሱቅ ውስጥ፣ አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት ተለያይተው ተደርድረዋል። እኛ በየቅዳሜው በሚዛን እንመዝናቸዋለን፤ ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ደርቀዋል ማለት ነው። እሳቸው በጉንጫቸው ይለካሉ። እስካሁን ሚዛኑና ጉንጩ የተለያዩት በአንዱ ሳንቃ ላይ ብቻ ነው፤ እኛ ደርቋል አልን፣ እሳቸው አልደረቀም አሉ። ያንን ሳንቃ ለብቻው አስቀምጠነዋል። የቀሩትን ከበልግ ዝናብ በፊት ለመግጠም አስበናል።

እንግዲህ የተናገርነው ይበቃል፤ ለጸሐፊው የገባነው ቃል አለ። የመጀመሪያው ክር ከታኅሣሥ ወዲህ ትንሽ ይርገበገባል፤ ምክንያቱን ገና አላገኘነውም። ጠባሳውን ለማየት የሚፈልግ ወደ ፊት መጥቶ ይቀመጥ፤ ቦታ አለ።