የገዛ ብልሽቱን የሚያውቅ መሣሪያ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ፥ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር የመሣሪያውን ብልሽት በፕሮግራም እንዴት ሊያውቅ ይችላል? የሚል ነው።

ነገሩ ከገበያችን የራቀ አይደለም። በመርሳ ገበያ ብርቱካን የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ከተጠራጠረ በሌላ ሚዛን ያስመዝናል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ እንደ ተበላሸ ያውቃል፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ሦስተኛ ሚዛን ሲመጣ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። መሐንዲሶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ የሁለት ወይም የሦስት ሴንሰሮችን ቃል ያነጻጽራል፤ ሊሆን የማይችል ቁጥር ሲመጣለት አይቀበልም፤ በማስታወሻው ክፍል ላይ ቁጥር ጽፎ መልሶ በማንበብ ይፈትነዋል። ደግሞም እንደ ዘበኛ የሚጠብቅ ሰዓት አለ፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው፥ ሰዓቱ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደ ገና ያስነሣዋል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት አገራችን በመሪር ኀዘን አይታዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ይኸው ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

አይሮፕላኑ ከሚመጣበት ነፋስ ጋራ ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች፥ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፥ ተተክለውበት ነበር። የመጀመሪያው የምርመራ መግለጫ እንዳስረዳው፥ የግራው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 74.5 ዲግሪ ደረሰ፤ የቀኙ ግን ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የሚባለው ፕሮግራም ግን የአንዱን ብቻ ይሰማ ስለ ነበር፥ የግራውን ቃል አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። እውነተኛው ምስክር በቀኝ በኩል ቆሞ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ታርሟል። ሁለቱ ሴንሰሮች በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ ኤምካስ አይነሣም፤ ሁለቱም የበረራ ኮምፒዩተሮች አንዱ የሌላውን ሥራ ይመረምራል። አይሮፕላኑ እንዲበር አሜሪካ ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈቀደች፤ አየር መንገዳችንም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መልሶ አበረረው።

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግን ሁለት መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ሁለቱን የሚያነጻጽር ያስፈልጋል። መሣሪያ በራሱ አይጠራጠርም። ጥርጣሬውን አስቀድሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጽፍለት ሰው ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ! ከወልድያም ከመርሳም ከሌላውም ስፍራ ወጥተን ነገ የሰው ሕይወት የተሸከመ መሣሪያ የምንሠራ እንኖር ይሆናል። በዚያን ጊዜ «ይሠራል ወይ?» ብለን ብቻ አንቁም፤ «ቢበላሽስ በምን ያውቃል?» ብለን እንጠይቅ።